ጓሳው ሲከፈት፦ የሰውን ጽሑፍ በቅንነት ስለ መመዘን

ከዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር ተማሪዎቼን «የማልረሳው ቀን» በሚል ርእስ ድርሰት አጽፌ ነበር። ከመንዝ የመጣ አንድ ልጅ ድርሰቱን የጀመረው «ጓሳው የተከፈተ ዕለት አባቴ ማጭዱን ስሎ ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሣ» በሚል ዐረፍተ ነገር ነበር። እኔ ያደግሁት ጤፍና ሽንብራ በሚበቅልበት በምንጃር ስለሆነ፣ ጓሳ የሣር ዓይነት መሆኑን ከመስማት በቀር ስለ እርሱ የማውቀው አልነበረም። ሣር ይታጨዳል እንጂ አይከፈትም ብዬ «የተከፈተ» የሚለውን ቃል በቀይ ቀለም ሰረዝሁና በላዩ ላይ «የታጨደ» ብዬ ጻፍሁ፤ ለቃላት አመራረጥ ከተመደበው ነጥብም ሁለት ቀነስሁበት።

በሳምንቱ የመሐል ሜዳ ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ወረቀቱን አይቶ ነገሩን አስረዳኝ። በመንዝ የጓሳ መሬት ሣሩ እንዲያገግም ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለአምስት ዓመት ከአጨዳና ከግጦሽ ተከልሎ ይቆይ ነበር፤ ክልከላውን የሚያስከብሩት ከሕዝቡ የተመረጡ ቆሮ የሚባሉ አለቆች ነበሩ፤ ሣሩ ሲደርስም ቀን ተቆርጦ ይከፈትና ባለመብቱ ሁሉ የቤቱን ክዳን ሊያጭድ ይወጣል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የቆሮን ሥርዐት ቢያስቀረውም፣ ጓሳን በጋራ የመጠበቅ ልማድ ግን ከሕዝቡ አልጠፋም። ልጁ የተረከው ስለ አጨዳ አልነበረም፤ ለዓመታት ሲጠበቅ የኖረ ነገር ስለሚፈቀድበት ቀን ነበር። እርማቴ ስሕተትን አላቃናም፤ የድርሰቱን ልብ ቆርጦ ጣለ።

ከዚያ ወዲህ የተማሪዎችን ድርሰት፣ ለውድድር የቀረቡ ጽሑፎችን፣ ጡረታ የወጡ ሰዎች ያዘጋጁትን የሕይወት ታሪክ ረቂቅ በማንበብ ብዙ ጊዜ አሳልፌያለሁ። ከዚህ በታች የማስቀምጠው አሠራር ከዚያ ስሕተት ተነሥቶ ቀስ በቀስ የተሰበሰበ ነው። ሁሉንም የሚያስተሳስረው ሐሳብ አንድ ነው፦ ስለ ጽሑፉ የምንናገረው እያንዳንዱ የፍርድ ቃል፣ ምስጋናም ይሁን ነቀፌታ፣ በጽሑፉ ውስጥ ጣታችንን የምናሳርፍበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ጣት የሚያርፍበት ቦታ ያጣንለትን ፍርድ ቦታው እስኪገኝ ድረስ ከመናገር እንቆጠብ።

ጽሑፉ ምን ሊሠራ እንደ ተነሣ አስቀድሞ መለየት

በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ዋዜማ አምስት ነው፤ መወድስ ስምንት ነው። ጉባኤ ቃና ይዞ የቀረበን ተማሪ መምህሩ «ስምንት ቤት ለምን አላደረስህም?» ብሎ አይወቅሰውም። የሚመረምረው በሁለቱ ቤት ውስጥ ምሥጢሩ ሞልቶ እንደሆነ፣ ሰሙና ወርቁ ተዋሕደው እንደሆነ፣ የግእዙ አገባብ እንዳልፈረሰ ነው። እያንዳንዱ ድርሰት በራሱ ልክ ይመዘናል፤ ልኩንም የሚወስነው ደራሲው የተነሣበት ዓላማና የመረጠው ዓይነት ነው። ይህ ትምህርት ከቅኔ ጉባኤ ወጥቶ ወደ ማንኛውም ጽሑፍ ቢገባ ብዙ የተዛባ ፍርድ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

በተግባር የማደርገው እንዲህ ነው። ነጥብ ከመስጠቴም አስተያየት ከመጻፌም በፊት በሌላ ወረቀት ላይ «ይህ ጽሑፍ ለእነ እገሌ ይህን ሊያስረዳ፣ ወይም ሊያሳይ፣ ወይም ሊያሳምን የተጻፈ ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ዐረፍተ ነገሩን ለመሙላት ካቃተኝ ሁለት ምክንያት ይኖራል፤ ወይ ጸሐፊው ዓላማውን አላወቀውም፣ ወይ እኔ በሚገባ አላነበብሁም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ የተለመደ ስለሆነ፣ ጸሐፊውን ከመውቀሴ በፊት ጽሑፉን እንደገና አነባለሁ።

በቀብር ላይ የሚነበብን የሕይወት ታሪክ እንውሰድ። የሟቹን ድክመት አለመዘርዘሩ ጉድለቱ አይደለም፤ የተጻፈው ለኀዘንተኛና ለቀባሪ ነውና። ይሁን እንጂ የልጆቹ ስም ከተዘለለ፣ የተወለዱበት ዘመን ካገለገሉበት ዘመን ጋር ካልተስማማ፣ በፀሐይ ቆሞ የሚሰማው ሕዝብ እስኪደክም ድረስ ከረዘመ፣ ይህ በራሱ ልክ የተመዘነ ጉድለት ነው። ለቀበሌ የሚቀርብ የውኃ መስመር ማመልከቻ ደግሞ ቅኔያዊ ውበት ስላጣ አይነቀፍም፤ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ስንት ቤተሰብ እንደሚመለከት፣ አመልካቹ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ካልታወቀ ግን ቋንቋው ምንም ቢያምር ደካማ ማመልከቻ ነው።

የመረጃ ስሕተትም ክብደቱ እንደ ጽሑፉ ዓይነት ይለያያል። ደብረ ብርሃን የተቆረቆረችው በ15ኛው መቶ ዓመት በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ስለ ከተማዋ ታሪክ የሚያስረዳ ጽሑፍ መሥራቿን አፄ ምኒልክ አድርጎ ቢያቀርብ ስሕተቱ ከባድ ነው፤ አንባቢው ሊያውቅ የመጣውን ነገር አሳስቶታልና። በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ ግን እሳት ዳር የተቀመጡ ሽማግሌ ይህንኑ ቢናገሩ፣ ንግግሩ የገጸ ባሕርዩ ነው፤ መዛኙም ሊጠይቅ የሚገባው ደራሲው ሽማግሌውን እንዲሳሳቱ ያደረገው ዐውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ የሚለውን ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መስመር በኋላ በጽሑፉ ውስጥ ይገኛል።

ሁለት ጊዜ ማንበብ፣ አንዱን በድምፅ

የመጀመሪያው ንባብ ያለ ብዕር መሆን አለበት። እጃችን ብዕር ከያዘ ዐይናችን ስሕተት ማደን ይጀምራል፤ አዳኝም የሚያየው የሚያድነውን ብቻ ነው። ጽሑፉን እንደ ማንኛውም አንባቢ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካነበብን በኋላ ገልብጠነው፣ ሳናየው፣ ምን ትዝ እንዳለን ለራሳችን እንንገር። ትዝ ያለን ነገር ጽሑፉ የሠራው ሥራ ነው፤ በኋላ የምናገኛቸው ስሕተቶች ይህን ሥራ ምን ያህል እንዳወኩት እንጠይቃለን እንጂ በስሕተቶቹ ብዛት ብቻ አንፈርድም።

ሁለተኛው ንባብ በድምፅ ቢሆን መልካም ነው፤ ምክንያቱም ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይጽፍም። «ዶሮው ይበላል» የሚለው ጽሑፍ «በ» ከላላ ዶሮው ራሱ ጥሬ ይለቅማል፣ «በ» ከጠበቀ ዶሮው ለምግብ ይቀርባል። «ገና» በዓልም ይሆናል፣ ጊዜንም ያመለክታል፤ «አለ» መናገርም መኖርም ነው። ጸሐፊው በጆሮው ውስጥ የሰማውን ድምፅ እኛ በዐይናችን በሌላ መንገድ አንብበነው «ትርጉም የለውም» የምንልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር የተበላሸ ከመሰለን በሌላ አጠባበቅ እንሞክረው። ሲቃና ካገኘነው ጥፋቱ የእኛ ነበር። በሁለቱም መንገድ የሚነበብና ዐውዱም የማይፈታው ከሆነ ግን አሻሚነቱ የጸሐፊው ነው፤ ያን ጊዜ ጣታችንን የምናሳርፍበት ቦታ አግኝተናል።

በአንድ ቀን ስንት ጽሑፍ እንደምናነብም መወሰን ተገቢ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሲጠና፣ ማታ ባና ለብሼ ሠላሳና አርባ ወረቀት በአንድ ጊዜ ለመጨረስ እታገል ነበር፤ በማግስቱ ሳየው ከሃያኛው ወረቀት በኋላ ያሉት አስተያየቶቼ አጫጭርና ቁጡ ሆነው አገኛቸዋለሁ። የደከመ መዛኝ ድካሙን ለጽሑፉ ያሸክመዋል። ዛሬ ከአሥራ ሁለት አላልፍም።

ስሕተት፣ ድካምና አለመውደድ

ከሁሉም የሚከብደው ክፍል ይህ ነው። በጽሑፉ ላይ የምናየውን እንከን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከምንጨምር በሦስት እንለየው። ስሕተት የምለው ጸሐፊው ራሱ ቢያሳዩት «አዎ፣ ተሳስቻለሁ» ብሎ የሚያርመውን ነው። ድካም የምለው ሕግ ያልተላለፈ፣ ነገር ግን ጽሑፉ የተነሣበትን ዓላማ ያላደረሰ ቦታ ነው። አለመውደድ የእኔ የአንባቢው ምርጫ ነው፤ ሌላ ጥሩ አንባቢ ያንኑ ቦታ ሊወደው ይችላል። የመጀመሪያው ይታረማል፣ ሁለተኛው ይመከርበታል፣ ሦስተኛው ከነጥብ ስሌት ይወጣል።

ይህ መለየት ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ በአሜሪካ የተደረገ አንድ ጥናት በግልጽ ያሳያል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ፖል ዲድሪክና ሁለት የሥራ ጓደኞቹ በመጀመሪያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች የተጻፉ 300 ድርሰቶችን ለ53 አንባቢዎች ሰጡ። አንባቢዎቹ የቋንቋ መምህራን፣ የማኅበራዊና የተፈጥሮ ሳይንስ መምህራን፣ ጸሐፊዎችና አርታዒዎች፣ የሕግ ባለሙያዎችና የንግድ ድርጅት ኀላፊዎች ነበሩ። እያንዳንዱን ድርሰት ከዘጠኝ ደረጃዎች በአንዱ እንዲመድቡ ሲጠየቁ፣ ከ100 ድርሰት 94ቱ ሰባት ወይም ከዚያ በላይ የተለያዩ ደረጃዎች አገኙ፤ ከአምስት ያነሰ የተለያየ ደረጃ ያገኘ ድርሰት አንድም አልነበረም። ተመራማሪዎቹ የልዩነቱን ምንጭ ሲመረምሩ አንባቢዎቹ በአምስት ወገን ተከፍለው አገኟቸው፦ አንዱ ወገን ከሁሉ በላይ ሐሳብን፣ ሌላው የሰዋስውና የሥርዐተ ነጥብ ትክክለኛነትን፣ ሌላው የሐሳብ አደራደርን፣ ሌላው የቃላት አመራረጥን፣ ሌላው የጸሐፊውን የግል ለዛ ይመዝን ነበር።

እነዚህ 53 ሰዎች ማንበብ የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። እያንዳንዳቸው አንድ እውነተኛ ነገር አይተው ያንን ብቻ እንደ ጽሑፉ ሙሉ ዋጋ ቈጠሩት። ስለዚህ ማንኛውም መዛኝ አስቀድሞ «እኔ ከአምስቱ ወደ የትኛው አዘነብላለሁ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። እኔ ወደ ሰዋስው አዘነብላለሁ፤ የመንዙን ልጅ የበደልሁትም በዚሁ ነው። ዝንባሌዬን ካወቅሁ ወዲህ ለሐሳብ፣ ለአደራደር፣ ለቃላት፣ ለትክክለኛነትና ለለዛ ለየብቻ ማስታወሻ እይዛለሁ፤ የመጨረሻውን ነጥብ የምሰጠውም አምስቱን ጎን ለጎን አይቼ ነው።

አሁን በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ዘወትር ወደሚያከራክሩ ነገሮች እንለፍ። የመጀመሪያው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሠ እና ሰ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነዋል። በግእዝ ያደገ አንባቢ «ፀሐይ» ን «ጸሀይ» ተብሎ ሲያገኘው ዐይኑን ይወጋዋል፤ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ የሰው ንብረት ወሰደ መሆኑን ያውቃልና። በዘመናዊ ትምህርት ቤት ብቻ ያለፈ ጸሐፊ ግን ይህን ልዩነት ማንም አላስተማረውም። እኔ የምከተለው መንገድ ይህ ነው፦ አንድ ጸሐፊ አንድን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፊደል ከጻፈው፣ ምርጫው ከእኔ ቢለይም አልቀንስበትም፤ በአንድ ገጽ «ዓመት» በሌላው «አመት» ከሆነ ግን ወጥነት እንደ ጎደለ አሳየዋለሁ። ስለ ቃላት አመጣጥ ወይም ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚጽፍ ሰው በዚህ በኩል ጠበቅ ያለ ሚዛን ይጠብቀዋል፤ ጉዳዩ ራሱ ፊደሉን ይፈልገዋልና።

ሁለተኛው የዐረፍተ ነገር ርዝመት ነው። ብዙ መምህራን ረጅም ዐረፍተ ነገር ባዩ ቁጥር «አሳጥር» ብለው ይጽፋሉ። አማርኛ ግሡን ወደ መጨረሻ የሚያመጣ ቋንቋ በመሆኑ ረጅም ዐረፍተ ነገር አንባቢውን በትዕግሥት ይዞ መጓዝ ይችላል፤ ትልልቆቹ ዜና መዋዕሎቻችንም ያለ እርሱ አይሆንላቸውም። መጠየቅ ያለበት አንባቢው ግሡ ላይ ሲደርስ ባለቤቱን ያስታውሰዋል ወይ የሚለው ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ፦ «ከደብረ ሲና ተነሥተን ጣርማ በር ደርሰን ጭጋጉ መንገዱን ሸፈነው።» ይህ አጭር ነው፤ ነገር ግን ይንገዳገዳል። «ተነሥተን» እና «ደርሰን» የሚሉት ቦዝ አንቀጾች እኛን ባለቤት አድርገው ሲመጡ አንባቢው ማሰሪያ አንቀጹን ከእኛ ይጠብቃል፤ ሸፋኙ ግን ጭጋጉ ሆነ። «ጣርማ በር ስንደርስ ጭጋጉ መንገዱን ሸፈነው» ቢባል ይቃናል። በንግግር ይህን ሁላችንም እናደርገዋለን፤ ስለዚህ ከከባድ ስሕተት አልቈጥረውም፤ በድካም መዝገብ ውስጥ ግን ቦታውን ጠቅሼ አስቀምጠዋለሁ። «አሳጥር» ከማለት ይህን ማሳየት ይሻላል።

ሦስተኛው ተረትና ምሳሌ ነው። በአገራችን ድርሰትን በምሳሌያዊ አነጋገር መጀመር የተለመደ ስለሆነ፣ ምሳሌ ያየ መዛኝ ጽሑፉን ወዲያው ያከብረዋል፤ የሰለቸውም ወዲያው ይንቀዋል። ሁለቱም ቸኩለዋል። ምሳሌውን በጣት ሸፍኖ አንቀጹን ማንበብ ይበቃል፤ አንቀጹ ሳይጎድል ከቀጠለ ምሳሌው ጌጥ ነበር፤ የሐሳቡ ማሰሪያ ከወለቀ ምሳሌው ሥራ ነበረው።

አራተኛው የአካባቢ ቃል ነው፤ በዚህ ላይ ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ እንደሚገባ የጓሳው ታሪክ ያስተማረኝ ነው። ሰሜን ሸዋ ከምንጃር ቆላ እስከ መንዝ ውርጭ፣ ከመርሐ ቤቴ ገደል እስከ ይፋት ተዳፋት ድረስ አየሩም ሥራውም የተለያየ አገር ነው፤ የአንዱ ወረዳ የዘወትር ቃል ለሌላው እንግዳ ይሆናል። የማላውቀው ቃል፣ ወይም የማውቀው ቃል ባልለመድሁት ቦታ ሲገጥመኝ፣ ከመሰረዜ በፊት የጸሐፊውን አካባቢ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች እጠይቃለሁ። ቃሉ በዚያ አገር የሚኖር ከሆነ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ጸሐፊው ለሌላ አገር አንባቢ ትርጉሙን ከዐውዱ እንዲረዳ መንገድ ሰጥቶታል? ካልሰጠው አንድ ሐረግ እንዲጨምር እመክራለሁ እንጂ ቃሉን አልነካበትም።

ስለ ግጥም ባጭሩ

ግጥም በመጀመሪያ በጆሮ ይመዘናል። የወል ቤት የሚባለው ስንኝ 12 ቀለም አለው፣ ስድስት ስድስት ሆኖ ይከፈላል፤ ሰንጎ መገን 10 ነው፣ አምስት አምስት፤ ቡሄ በሉ 8 ነው፣ አራት አራት። ቀለም ሲቈጠር በድምፅ እንጂ በፊደል ብዛት አይደለም፤ አንዳንዱ ሳድስ ፊደል በንባብ ጊዜ ድምፁ ተውጦ ከቀዳሚው ጋር ይጠቃለላልና። ገጣሚው በአንድ ምጣኔ ጀምሮ ያለ ምክንያት ቢሰብረው ስሕተት ነው፤ ከመጀመሪያው ምጣኔ አልባ ለመሆን የተነሣን ግጥም ግን በወል ቤት መለካት ጉባኤ ቃናን በመወድስ እንደ መለካት ነው። ቤት ስለ መታ ብቻ የሚሞገስ ግጥምም አለ። ቤት መድፊያው ሐሳቡን አጣሞ የጎተተ ቃል እንዳይሆን፣ ስንኙን ወደ ተራ ዐረፍተ ነገር ለውጠን ምን እንደ ተናገረ እንይ።

ስምን፣ የእጅ ጽሕፈትንና ተራን ከመንገድ ማንሣት

እስካሁን የተናገርሁት ከጽሑፉ ጋር ብቻችንን ስንሆን ነው። ከጽሑፉ ጋር ግን ሁልጊዜ ሌላ ነገር አብሮ ይመጣል። የጎበዝ ተማሪ ስም ካየን ደካማውን አንቀጽ ጥልቅ ነው ብለን እናልፈዋለን፤ የሰነፍ ተብዬውን ስም ካየን መልካሙን አንቀጽ ከየት ገለበጠው እንላለን። ስለዚህ ስሙ በሌላ ሰው እጅ ተሸፍኖ በቁጥር ይተካ። በእጅ የተጻፈ ከሆነና ጊዜ ካለ በኮምፒውተር ይተየብ፤ የተዋበ የእጅ ጽሕፈት ያለው ልጅ ሳይገባው ሲጠቀም ብዙ አይቻለሁ። መተየብ ካልተቻለ ደግሞ ቢያንስ የእጅ ጽሕፈቱ ያስቸገረንን ወረቀት ሌላ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብልን እንጠይቅ።

ተራም ያዳላል። ከሁለት ደካማ ድርሰቶች በኋላ የመጣ መካከለኛ ድርሰት ግሩም ይመስላል፤ ከግሩም ቀጥሎ የመጣው ያንኑ ያህል ይጎዳል። ሁሉንም አንብበን ስንጨርስ ወደ መጀመሪያዎቹ አምስት ተመልሰን፣ የሰጠናቸውን ነጥብ ሳናይ፣ እንደገና እንመዝናቸው። ልዩነቱ ከአሥር አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ካለፈ ሚዛናችን በመንገድ ላይ ተንቀሳቅሷልና ሌሎቹንም መከለስ ግድ ይሆናል።

ብዙ ዳኞች አብረው ሲቀመጡ ከአገራችን ጠባይ የሚመጣ አንድ ችግር አለ። ታላቅ ሲናገር ታናሽ ማዳመጡ ያደግንበት፣ እኔም የማከብረው ሥርዐት ነው፤ ነገር ግን በዕድሜ ወይም በሥልጣን የበለጠው ዳኛ መጀመሪያ አስተያየቱን ከሰጠ የቀሩት የእርሱን ቃል በተለያየ አነጋገር ይደግሙታል። ሦስት ዳኛ ተቀምጦ አንድ ፍርድ ብቻ ይገኛል። ክብሩም ሳይጓደል ፍርዱም ሳይጠፋ የሚሄድበት መንገድ ቀላል ነው፦ ሁሉም ነጥባቸውንና ምክንያታቸውን ለየብቻ በወረቀት ጽፈው ለሰብሳቢው ካስረከቡ በኋላ ውይይቱ ይጀመር፤ ሲናገሩም ከታናሽ ይጀመር። ሁለት ዳኞች በጣም ከተራራቁ ነጥባቸውን አካፍሎ መካከሉን ከመውሰድ በፊት እያንዳንዳቸው ጣታቸውን ያሳረፉበትን ቦታ ጮክ ብለው ያንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ያላየውን ቦታ ያያል፤ መራራቁም ያን ጊዜ ይጠባል።

የሥጋ ዘመድን፣ የክርስትና ልጅን፣ ወይም የተጣላነውን ሰው ጽሑፍ አለመዳኘት ነው። እችላለሁ ማለት አይጠቅምም፤ ብንችል እንኳ ተሸናፊው አያምነንም።

ለጸሐፊው መንገር

ፍርዱ ትክክል ሆኖ አነጋገሩ ካልተስተካከለ ጸሐፊው የሚወስደው ቁስሉን ብቻ ነው። «ጥሩ ነው፣ በርታ» የሚለው አስተያየት ደግ ይመስላል፤ ለጸሐፊው ግን ባዶ እጅ ነው፤ የትኛውን እንደሚያቆይ አልነገረውም። በዚያ ፈንታ «አባትህ ማጭዱን ሲስል የጻፍህበት መስመር ሌሊቱን አሳየኝ፤ ምክንያቱም ድምፁን አሰማኸኝ» ብንለው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ድምፅ ማሰማትን ዐውቆ ይሠራበታል። ምስጋናም እንደ ነቀፌታ ማስረጃ ይፈልጋል።

ነቀፌታ በጥያቄ ሲቀርብ ይደመጣል። «እዚህ የተናገረው ማን ነው? ወንድሙ ነው ወይስ ጎረቤቱ?» ስንል ጸሐፊው ራሱ ወደ ቦታው ተመልሶ ያያል፤ «ግልጽ አይደለም» ስንል ግን እኛን ያያል። አሥራ አምስት እንከን ካገኘንም ሁሉንም በአንድ ቀን አንዘርግፈው፤ ቢታረሙ ጽሑፉን ከሁሉ በላይ የሚያቃኑትን ሁለት ወይም ሦስት እንምረጥ። የጸሐፊውን ዐረፍተ ነገር በራሳችን ቃል ጽፈን መስጠትም ፈተና ነው። ሲያነቡት የሚያምረው እኛ ስለ ጻፍነው ነው፤ ጸሐፊው ግን ድምፁን ያጣል።

ታላላቆች ረቂቅ ሲያመጡ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በእጃቸው የጻፉትን የሕይወት ታሪክ ይዘውልኝ መጡ። ስለ ልጅነታቸው የጻፉት ምዕራፍ ሕያው ነበር፤ የሥራ ዘመናቸው ምዕራፍ ግን የሹመትና የዝውውር ዝርዝር ብቻ ነበር። በአክብሮት ስም ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ ዝም ብል ግን ያን ሁሉ የደከሙበትን ጽሑፍ የሚያነብላቸው አይገኝም ነበር። «ጋሼ፣ በልጅነትዎ ምዕራፍ የእናትዎን ጓዳ እስከ ሽታው ድረስ አሳይተውኛል። ወደ ሥራዎ ስመጣ ግን የገቡበትን ክፍል አላየሁትም። የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ምን ይመስል ነበር?» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ተማሪዎቹ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደ ጠበቋቸው ይነግሩኝ ጀመር፤ እኔም ይህንኑ እንዲጽፉት ለመንኋቸው። ከታላቅ ጋር ስንነጋገር ሚዛኑ አይላላም፤ የሚለወጠው አቀራረቡ ነው።

የተሳሳተን ፍርድ መመለስ

በደንብ የሚመዝን ሰውም ይሳሳታል። ስሕተቱን ሲያውቅ ማድረግ ያለበት፣ ፍርዱን በተናገረበት ቦታና በሰሙት ሰዎች ፊት መመለስ ነው። በክፍል ውስጥ የተነገረ ነቀፌታ በጓዳ ይቅርታ አይነሣም። የድሮውን አስተያየት ቀዶ መጣልም አይገባም፤ በላዩ አንድ መስመር ተሠምሮበት ትክክለኛው ከነምክንያቱና ከነቀኑ ከጎኑ ይጻፍ፤ ጸሐፊው ሁለቱንም ያያል።

የመንዙን ልጅ ወረቀት ከባልደረባዬ ጋር ከተነጋገርሁ በኋላ መልሼ ተቀበልሁት። «የታጨደ» የሚለውን የራሴን ቃል ሰርዤ፣ የቀነስሁትን ሁለት ነጥብ መልሼ፣ በኅዳጉ ላይ «ቃልህ ትክክል ነው፤ አላወቅሁም ነበር» ብዬ ጻፍሁ። በማግስቱ በክፍል ፊት የሆነውን ተናገርሁና ጓሳ እንዴት እንደሚከፈት እንዲያስረዳን ጠየቅሁት። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ነገረን፤ ከቆላ የመጡት ልጆች ጥያቄ ሳይጨርሱ ሰዓቱ አለቀ።